ጭቃ ያቆየው ዋና ከተማ

(ስለ ጃፓን የጥንት ዋና ከተሞች ፍርስራሾችና ስለ ሙዚየሞቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ እኔ የታሪክ ሰው እንዳልሆንኩ ልናገር። የተማርኩት የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ ውኃው ስንት ሜትር ላይ ይገኛል፣ ከተሳበ በኋላ በስንት ቀን ይመለሳል፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ስለ ጥንት ዋና ከተሞች እንድናገር ስጋበዝ ያመነታሁትም ለዚህ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን፣ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ከዳር እስከ ዳር የውኃ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በየመሃሉ እየቀያየርኩ እንዳላደናግራችሁ።

ኦሳካ ተማሪ ሳለሁ አንድ የላቦራቶሪ ጓደኛዬ «ሄይጆን ሳታይ አገርህ እንዳትገባ» እያለ ይጎተጉተኝ ነበር። ሄይጆ ዛሬ ናራ በምትባለው ከተማ ውስጥ የሚገኝ፣ ከ710 እስከ 784 የጃፓን መንግሥት መቀመጫ የነበረ ዋና ከተማ ነው። አንድ ቀን ተነሣሁና ሄድኩ። ያማቶ ሳይዳይጂ ከሚባለው ጣቢያ ወርጄ ጥቂት በእግሬ እንደተጓዝኩ ቤቶቹ አለቁና ሜዳ ላይ ወጣሁ። ሜዳ ስላችሁ የምር ሜዳ ነው። ሣርና ሸምበቆ፣ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አዛውንቶች፣ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች። መሃሉን ደግሞ ባቡር እየተንጓጓ ያቋርጠዋል። ከሩቅ ሁለት ትልልቅ ቀያይ ሕንጻዎች ይታያሉ፤ ጠጋ ብዬ ሳነብ አንደኛው በ1998፣ ሌላው በ2010 የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ከእኔ ያንሳሉ! ሙዚየሙን እንኳ ልይ ብዬ ብሄድ ተዘግቷል። ቀኑ ሰኞ ነበር። ጃፓን ውስጥ አብዛኛው ሙዚየም ሰኞ እንደሚዘጋ የማላውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እናንተ ሰኞ እንዳትሄዱ።

በዚያ ቀን ተናድጄ ነው የተመለስኩት። አክሱምንና ጎንደርን እያየ ያደገ ሰው «የጥንት ዋና ከተማ» ሲባል ዓይኑ ድንጋይ ይፈልጋል። ሐውልት፣ ግንብ፣ ቢያንስ አንድ የቆመ ግድግዳ። እዚያ ግን ድንጋይ የለም። ለምን እንደሌለ የገባኝ በሁለተኛው ጉዞዬ ነው፤ ሲገባኝም ድንጋዩ ባይኖር ይሻላል እስከ ማለት ደረስኩ።

የጃፓን ቤተ መንግሥት እንጨት ነበር። ሂኖኪ የሚባል ከእኛ ጥድ ጋር የሚዛመድ ዛፍ አላቸው፤ እሱን ቆርጠው፣ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ግንዱን እንደ አጥር እንጨት አቁመው፣ ዙሪያውን በአፈር ጠቅጥቀው ይሠራሉ። እግሩ እርጥብ መሬት ውስጥ የተቀበረ ምሰሶ እድሜው አጭር ነው፤ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሲያልፈው ከሥሩ ይበሰብሳል። በድንጋይ መሠረት ላይ ምሰሶ ማቆምና ጣሪያን በሸክላ መክደን መጀመሪያ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ሥራ ነበር። በቤተ መንግሥት ሕንጻ ላይ የታየው በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፉጂዋራ በተባለው ዋና ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን የሸክላ ክዳን የተሰጠው ለሥነ ሥርዓት አዳራሾች ነበር፤ ነገሥታቱ የሚኖሩበት ክፍል በአሮጌው ወግ፣ በተቀበረ ምሰሶ ቀጠለ።

ታዲያ እንጨቱ ሲበሰብስ ወይም ሲነቀል ምን ይቀራል? ጉድጓዱ ይቀራል። አንዴ የተቆፈረ መሬት ደግሞ መልሰህ ብትሞላው የዱሮው አይሆንም። ቀለሙ ይለያል፣ ልስላሴው ይለያል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው የላዩን አፈር በስሱ እየፋቀ ሲሄድ፣ በቢጫው መሬት ላይ ጠቆር ያሉ አራት ማዕዘኖች በረድፍ ይታዩታል። በየአራት ማዕዘኑ ውስጥ ደግሞ ክብ ጥላ አለ፤ ምሰሶው የቆመበት ማለት ነው። ክቦቹን ቆጥሮ፣ ርቀታቸውን ለክቶ፣ «እዚህ ላይ ይህን ያህል ስፋት ያለው አዳራሽ ነበር» ይልሃል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሜዳው ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ የቁፋሮ ማሳያ ቤት አለ። ቁፋሮውን መልሰው ሳይሞሉ፣ ላዩ ላይ ጣሪያ ሠርተው፣ ጉድጓዶቹን እንደተገኙ ትተዋቸዋል። አንዱ ዘመን በሌላው ላይ ሲቆፍር፣ ጉድጓድ ጉድጓድን ሲቆርጥ ይታያል። ሰዎች አምስት ደቂቃ አይተው ይወጣሉ፤ እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ጉድጓድ ሥራዬ አይደል!

የቀረው ሜዳ ግን ተቆፍሮ፣ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ መልሶ ተቀብሯል። ካልተቀበረ አፈሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጨው ያወጣል፤ በዚያች ማሳያ ቤት ውስጥ እንኳ ባለሙያዎቹ ከመድረቅና ከጨው ጋር እንደታገሉ ነው። ስለዚህ ከተቀበረው በላይ፣ ምሰሶዎቹ በነበሩበት ቦታ ልክ፣ እንደ ከበሮ ተከርክመው የተስተካከሉ ቁጥቋጦዎች ተክለዋል። በመጀመሪያው ቀን «ይህ ሁሉ ሰልፈኛ ቁጥቋጦ ለምንድን ነው?» ብዬ አልፌያቸው ነበር። ለካ ምሰሶዎቹ እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስና ዋና ከተማው ለምን ይዘዋወር እንደነበር ልንገራችሁ። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ የንጉሥ ሠራዊት የሰፈረበት ማለት ነበር። የጃፓን ነገሥታት ከፉጂዋራ በፊት በተቀመጡበት በአሱካ ሸለቆም እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ገዥ በተለወጠ ቁጥር ቤተ መንግሥቱ ይለወጥ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይህን ልማድ ለመስበር የታሰበው በ694፣ በንግሥት ጂቶ ዘመን ነው። ከአሱካ በስተ ሰሜን፣ ኡነቢ፣ ሚሚናሺና አማኖካጉ በተባሉ ሦስት ትናንሽ ተራሮች መካከል፣ የቻይናን አርአያ የተከተለ፣ መንገዶቹ እንደ ገበጣ ሰሌዳ የተሰመሩ ከተማ ተቆረቆረ። ይህ ፉጂዋራ ነው። ዛሬ ብዙዎች በሚቀበሉት ስሌት አንዱ ጎኑ ብቻ 5.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለዘለቄታ የታሰበው ይህ ሁሉ ከተማ በ16 ዓመቱ ተተወ።

ምክንያቱ ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ከቻይና የተመለሱ መልእክተኞች የዋና ከተማዋ የቻንግአን ቤተ መንግሥት ከከተማው በስተ ሰሜን እንደሆነ አይተው መጡ፤ የፉጂዋራ ቤተ መንግሥት ግን መሃል ላይ ነበር፤ አርአያው ተበላሽቷል የሚሉ አሉ። እኔን የሚስበኝ ሌላው ነው። የፉጂዋራ መሬት ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዘቀዝቃል። ቤተ መንግሥቱን መሃል ላይ አስቀምጠህ፣ ከሽቅቡ በኩል በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ብታሰፍር፣ እድፉ ወዴት እንደሚወርድ ለመናገር ምሁር መሆን አያስፈልግም። በ706 የወጣ ዐዋጅ በከተማው ውስጥና ውጭ ክፉ ሽታ መብዛቱን ያነሣል። በ1992 ደግሞ እዚያው ከተማ የመጸዳጃ ጉድጓድ ተቆፈረ። አፈሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የወስፋትና የሌሎች ጥገኛ ትላትል እንቁላሎች ተገኙበት፤ በተጨማሪም መጥረጊያ የነበሩ ስስ እንጨቶች። ንግሥት ገንሜይ በ710 ወደ ሄይጆ ስትሄድ የአዲሱን ቤተ መንግሥት ቦታ ከከተማው በስተ ሰሜን፣ ከፍ ካለው መሬት ላይ አደረገችው። የወንበሯን ክብር ብቻ አስባ ነው ቢሉኝ አላምንም።

ፉጂዋራን ለማየት የሚሄድ ሰው ከሄይጆ የባሰ ሜዳ ይጠብቀዋል። ቀያይ አጫጭር ምሰሶዎች የበሩን ቦታ ያሳያሉ፤ እንደ ወቅቱ አደይ አበባ የሚመስል ነገር ይተከልበታል፤ ዙሪያውን ሦስቱ ተራሮች አሉ። እኔ ይህን ሜዳ ከሄይጆ አብልጬ እወደዋለሁ። ሦስቱን ተራሮች በዓይን እያያያዙ ከተማው የት እንደነበር መገመት ይቻላል፤ ማንም በአዲስ ሕንጻ አልከለለውም።

ሄይጆ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ነበረው። መሃል ጎዳናው፣ ሱዛኩ የሚባለው፣ ከ70 ሜትር በላይ ይሰፋ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ብቻ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር፣ ሲደመርም በምሥራቅ በኩል ጎላ ብሎ የወጣ ክፍል። በ784 መንግሥቱ ወደ ናጋኦካ ሄደ፤ ናጋኦካም ጎርፍ ከመታው በኋላ በ794 ወደ ዛሬዋ ኪዮቶ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፦ ከተማው ሲተው ሕንጻው አልፈረሰም፣ ተነቀለ። እንጨቱ፣ ሸክላው፣ የመሠረቱ ድንጋይ እየተጫነ ሄደ። መሬቱን ገበሬ ወረሰው፤ የሩዝ ማሳም አደረገው።

የሩዝ ማሳ ደግሞ ውኃ ነው። ከተማውን ያዳነው ይህ ነው እላለሁ። ገበሬው ማሳውን ሲከፋፍል የድሮዎቹን ጎዳናዎችና ቦዮች ተከትሎ ስለነበር፣ ሰፊው ጎዳና ረጅምና ቀጭን ማሳዎች ሆኖ ቀረ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኪታኡራ ሳዳማሳ የተባለ ሰው ማሳዎቹን እየዞረ ለክቶ፣ የጥንቷን ከተማ መንገዶች በካርታ ላይ መልሶ ሰመራቸው፤ በ1852። አንድም አካፋ አላነሣም። ቀጥሎ በ1900 ገደማ ሴኪኖ ታዳሺ የተባለ የሥነ ሕንጻ ምሁር በማሳው መሃል ከፍ ያለ ጉብታ አየ። ገበሬዎቹን ሲጠይቅ «ዳይኮኩ መስክ» አሉት፤ ዳይኮኩ የመልካም ዕድል አምላክ ስም ነው። ሴኪኖ ግን በቃሉ ውስጥ «ዳይጎኩደን» የሚለውን ሰማ፤ የነገሥታቱ ታላቅ የሥነ ሥርዓት አዳራሽ። ከ1100 ዓመት በኋላ ስሙ በገበሬ አፍ ተጣሞም ቢሆን ቦታውን አልለቀቀም ነበር።

አንድ ሰው ደግሞ አለ። ታናዳ ካጁሮ ይባላል፤ የናራ ችግኝ ነጋዴ ነበር። እንግዶች «የሄይጆ ቤተ መንግሥት የት ነበር?» ሲሉት መልስ ማጣቱ ከነከነው። ገንዘቡንና እድሜውን ለሜዳው መከበር አዋለ፤ ከቤት ቤት እየዞረ ለመነ፣ ምልክት አቆመ። በመጨረሻ ዓይኑ ጠፋ። የመሬቱ ግዥ በተበላሸ ጊዜ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ በ1921 ራሱን አጠፋ። ሜዳው በሕግ የተጠበቀ ታሪካዊ ቦታ የሆነው በዓመቱ፣ በ1922 ነው። ዛሬ በደቡብ በር አጠገብ ሐውልቱ ቆሟል፤ በአንድ እጁ የጣሪያ ሸክላ ይዟል፣ በሌላው ወደ ዳይጎኩደን ያመለክታል። ከበሩ ጋር ፎቶ የሚነሱት ጎብኚዎች ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። እንጨት የሚበሰብሰው ፈንገስና ባክቴሪያ ስለሚበሉት ነው፤ እነሱ ደግሞ አየር ይፈልጋሉ። እንጨቱ ዓመቱን ሙሉ ከከርሰ ምድር ውኃ ወለል በታች ከተቀመጠ አየር የለም፤ አየር ከሌለ በዪም የለም። አደገኛው አንዴ ረጥቦ አንዴ የሚደርቀው ነው። የሄይጆ ቦዮች፣ የውኃ ጉድጓዶችና የቆሻሻ ጉድጓዶች ከማሳው ሥር 1200 ዓመት እንደረጠቡ ኖሩ።

በ1961 ጥር ወር፣ የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ጉዳይ ይሠራበት ከነበረው ቢሮ አካባቢ፣ ከአንድ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ የቀለም ጽሑፍ ያለባቸው ስስ እንጨቶች ወጡ። ሞካን ይባላሉ። ወረቀት ውድ ስለነበር ለዕለት ተዕለት ሥራ በእንጨት ይጽፉ ነበር፤ ስንዝር ወይም ከዚያ በለጥ የሚል፣ ሁለት ሦስት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ። ከዚያ ቀን የወጣው አንዱ ሞካን ምን ይላል? አንድ ቤተ መቅደስ ቀይ ባቄላ፣ የአኩሪ አተር ማባያ፣ ኮምጣጤና የመሳሰለውን እንዲላክለት ይጠይቃል። በቃ። ዙፋኑን ለቅቃ በቤተ መቅደስ ተቀምጣ ከነበረችው ንግሥት ኮኬን ቤት የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን እንደማይቀር ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ንግሥቲቱ በዚያው ሰሞን ከዙፋኑ ባለቤት ጋር ተጣልታ ነበር፤ የታሪክ መጽሐፉ ጥሉን ይነግረናል፣ እንጨቱ ደግሞ ኮምጣጤውን። እኔ ሁለቱንም አብሬ ሳነብ ነው ሴትየዋ ሰው ሆና የምትታየኝ።

ዛሬ በመላ ጃፓን የተገኘው ሞካን ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ነው። አብዛኛው ሙሉ እንጨት አይደለም፣ ፍቅፋቂ ነው። ጸሐፊው የጻፈውን ሲጨርስ እንደ ብራና ፍቆ እንደገና ይጽፍበታል፤ ፍቅፋቂው ጉድጓድ ይገባል፤ እንጨቱ ደግሞ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ተሰንጥቆ ለመጸዳጃ ይውላል። የመንግሥት ደብዳቤ መጨረሻው ይህ ነበር። የዛሬዎቹ አንባቢዎች ሥራ ከዚያ ፍቅፋቂ ላይ ግማሽ ፊደል አንብቦ ሌላውን ግማሽ መፈለግ ነው።

ትልቁ ሲሳይ የተገኘው በ1988 ነው። ከቤተ መንግሥቱ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ አጠገብ ትልቅ ሱቅ ሊሠራ መሬቱ አስቀድሞ ሲቆፈር የልዑል ናጋያ ግቢ ሆኖ ተገኘ፤ 35 ሺህ ያህል ሞካን ወጣበት። ልዑሉ በ729 በሐሰት ተከስሶ ራሱን እንዲያጠፋ የተገደደ ሰው ነው። ከእንጨቶቹ ምን እንደበላ እናውቃለን፤ ከሩቅ አገር የመጣ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ከተራራ በረዶ ማከማቻ የመጣ በረዶ፣ ወተት። ወተቱን ላመጣው ሰው የተሰፈረለት ሩዝ እንኳ ተጽፏል። ለውሾቹ የሚሰፈረውም እንደዚሁ። ሱቁ ግን ተሠራ። ብዙ ሳይቆይም ከሰረ፤ በናራ ሰዎች ዘንድ የልዑሉ እርግማን ነው የሚል ወሬ አለ። እኔ በእርግማን አላምንም፤ ቢሆንም በዚህኛው ደስ ብሎኛል።

አንድ ሌላ ልጨምር። በ1966 ከተገኘ ሞካን ላይ ዓይን የማያነበው ቀለም ነበር። ከዓመታት በኋላ በኢንፍራሬድ ካሜራ ሲታይ በ765 የተጻፈ የአንድ ባለሥልጣን ስም ሆነ። የቤተሰብ ስሙ የተጻፈበት ቃል ፋርስን የሚያመለክት ነው። በ2016 ይፋ ሲሆን ብዙ ሰው ተገረመ፤ ፋርሳዊ፣ ወይም የፋርሳዊ ዘር፣ በጃፓን መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ!

ሞካን የታሪክ መጽሐፍንም አርሟል። በ720 የተጠናቀቀው የነገሥታት ታሪክ በ646 የወጣ ነው የሚለውን ዐዋጅ ሙሉ ቃል ያስነብባል፤ በውስጡም አውራጃን በአንድ የቻይና ፊደል ይጽፋል። በ1951 ኢኖኡዬ ሚትሱሳዳ የተባለ ወጣት ምሁር «በዚያ ዘመን አውራጃ የሚጻፈው በሌላ ፊደል ነበር፤ ጽሑፉ ኋላ ተነካክቷል» ብሎ ተነሣ። የሚከራከረው ከራሱ መምህር ጋር ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ከዚያ ለመንገድ ሥራ ተብሎ ፉጂዋራ ሲቆፈር ሞካን ወጣ፦ ከ701 በፊት የተጻፉት ሁሉ በሌላው ፊደል፣ ከ701 ሕግ በኋላ ያሉት በአዲሱ ፊደል። ተማሪው ልክ ነበር። ፈራጁ ደግሞ በገበሬ ዕቃ ላይ ታስሮ የመጣ የግብር ምልክት።

ሙዚየሞቹን ስትጎበኙ ይህን ይዛችሁ ግቡ። የሄይጆው ሙዚየም መግቢያ አይከፈልበትም። ዋናዎቹን ሞካኖች ማየት የምትሹ ግን በመከር፣ በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ሂዱ፤ እውነተኞቹ የሚወጡት በየዓመቱ ያን ሰሞን ለጥቂት ሳምንታት ነው። በ2017 ከእነሱ 3,184ቱ የአገር ቅርስ የሚለውን ከፍተኛ ማዕረግ አግኝተዋል። የመጸዳጃ እንጨት ሊሆን ተሰንጥቆ የነበረ ነገር!

ከሁሉ የምወደው ሙዚየም ግን አሱካ ያለው ነው። ያማዳ የሚባል ቤተ መቅደስ ነበር፤ ያሠራው ሹም በ649 በክህደት ተከስሶ ልጆቹን ይዞ እዚያው ሞተ። ሕንጻው ከዘመናት በኋላ የምሥራቁ ጎን መተላለፊያ ላይ አፈር ተንዶበት እንዳለ ወደቀ። በ1982 ሲቆፈር ምሰሶው፣ ጣውላው፣ የመስኮቱ ፍርግርግ ሳይቀር ጎኑን ተኝቶ ተገኘ፤ በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከቆሙት የእንጨት ሕንጻዎች ሁሉ ጥንታዊው ከሚባለው ከሆርዩጂ ቤተ መቅደስ በግማሽ መቶ ዓመት ይቀድማል። እርጥብ እንጨት ዝም ብለህ ካደረቅከው ይጨማደዳል፤ ስለዚህ በውስጡ ያለውን ውኃ በሰም መሰል ኬሚካል እየተኩ ዓመታት ፈጁ። አሁን በሙዚየሙ ውስጥ ቆሟል። ከፊቱ ስቆም፣ በዚያ ፍርግርግ በኩል ሰዎች ዝናብ ሲያዩ ታየኝ።

ኦሳካ ውስጥ የሌላውን የጥንት ዋና ከተማ፣ የናኒዋን ቤተ መንግሥት ያማኔ ቶኩታሮ የሚባሉ ሽማግሌ ከ1954 ጀምረው ሲፈልጉ ብዙ ሰው አልተቀበላቸውም። በ1961 የዳይጎኩደኑን መሠረት አገኙ። ዛሬ ከሜዳው አጠገብ የኦሳካ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ የአዳራሹ ቀያይ ምሰሶዎች በትክክለኛ መጠናቸው ቆመዋል፣ በመስኮቱ ቁልቁል ሜዳው ይታያል። ኪዮቶ ደግሞ ሰው ሳያቋርጥ ስለኖረባት አብዛኛው ከአስፋልት በታች ነው፤ በ1177 የተቃጠለው ዳይጎኩደን ቦታው ላይ ትንሽ መናፈሻና አንድ ድንጋይ ብቻ አለ።

አንድ ነገር ላይ ከጃፓን ጓደኞቼ ጋር አልተስማማሁም። በ2010 የተመረቀው የሄይጆ ዳይጎኩደን 44 ሜትር ስፋት፣ 27 ሜትር ከፍታ፣ 44 ምሰሶ አለው። ሥራው ያስደንቃል። ነገር ግን የጥንቱ ሕንጻ ሥዕል የለም። ስፋቱን ከቁፋሮ፣ አናቱን ከሆርዩጂና ከሌሎች የዘመኑ ቤተ መቅደሶች ገምተው ነው የሠሩት፤ ከሥሩም የመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያ አለው። ጓደኛዬ «ልጆች ሕንጻ ካላዩ ሜዳው ምንም አይነግራቸውም» ይላል። እውነት አለው። እኔን የሚያሰጋኝ፣ ሕንጻውን ያየ ልጅ ጥያቄውን እዚያው እንዳያቆም ነው። ቁጥቋጦው «ከዚህ በላይ አናውቅም» ይላል፤ ሕንጻው ግን ሁሉን ያወቀ ይመስላል።

የእውነተኛው ቤተ መንግሥት አንድ ሕንጻ ግን ተርፏል። ከሜዳው በስተ ደቡብ ጥቂት ደቂቃ በባቡር ሄዳችሁ ቶሾዳይጂ የሚባለው ቤተ መቅደስ ግቡ። መጀመሪያ የምታዩት ዝነኛው ወርቃማ አዳራሽ ነው፤ እሱን አልፋችሁ ከኋላው ያለውን የትምህርት አዳራሽ እዩ። በ760 ገደማ ከሄይጆ ቤተ መንግሥት ተነቅሎ ለቤተ መቅደሱ የተሰጠ፣ ባለሥልጣናት ለስብሰባ ሲጠሩ ተራ የሚጠብቁበት ቤት ነበር። ጣሪያውና አንዳንድ ክፍሉ ተለውጧል እንጂ ያው ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ሄይጆ የሄድኩት ከዚያው ጓደኛዬ ጋር ነው። በ1914 የተዘረጋው ሐዲድ ላይ መዝጊያው ወርዶ ባቡሩ እስኪያልፍ ቆመን ነበር። ከተማውን ባቡር ሊውጠው የነበረበት ጊዜም እንደነበር ነገረኝ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሜዳው ምዕራብ ክፍል የባቡር ማደሪያ ሊሆን ታቅዶ፣ ሕዝብ ጮሆ፣ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ተረፈ። እሱ ሲያወራ እኔ ልማድ ሆኖብኝ መንገዱ ዳር ያለውን ቦይ አየሁ። ከሣሩ ሥር፣ ከመሬት ቢበዛ በክንድ ዝቅ ብሎ፣ ውኃው ዝም ብሎ ተኝቷል።